የሱቅ ዕቃን ከስርቆት ስለ መጠበቅና ጥበቃው በገዢዎች ላይ ስለሚያሳድረው ስሜት

ዕቃውን የገዢ እጅ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ነጋዴ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይመኛል። አንደኛው፥ ገዢው እንደ ልቡ እየተዘዋወረ፥ እያነሣና እያገላበጠ፥ ሊገዛ ካሰበው በላይ ገዝቶ እንዲሄድ ነው። ሁለተኛው፥ ካነሣው ሁሉ አንዱንም ሳይከፍል ይዞ እንዳይወጣ ነው። እነዚህ ሁለት ምኞቶች ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ገዢውን ነጻ የሚያደርገው አሠራር ለሌባም በር ይከፍታል፤ ሌባን የሚያስቸግረው አሠራር ደግሞ ታማኙን ገዢ አብሮ ያስቸግራል። የሱፐርማርኬት ባለቤቶች ከመቶ ዓመት በላይ ሲታገሉበት የቈዩት ጕዳይ ይኸው ነው፤ ያገኙትም ልምድ፥ የተሳካውም ሆነ ያልተሳካው፥ ለማንኛውም ባለ ሱቅ ትምህርት አለው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፥ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በቀድሞው ልማድ ገዢው ከባንኮኒው ማዶ ቆሞ የሚፈልገውን ይናገራል፤ ሻጩም ከመደርደሪያው አውርዶ፥ መዝኖና ጠቅልሎ ይሰጠዋል። በኢትዮጵያ ብዙዎቹ የሰፈር ሱቆች እስከ ዛሬ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። በዚህ አሠራር ገዢ ዕቃ የሚሰርቅበት ዕድል ጥቂት ነው፤ ዳሩ ግን ብዙ ሻጮች ያስፈልጋሉ፥ ሰልፉም ይረዝማል። ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ በሴፕቴምበር 1916 በቴኔሲ ግዛት በሜምፊስ ከተማ «ፒግሊ ዊግሊ» የተባለውን ሱቅ ሲከፍት ባንኮኒውን አስወግዶ ገዢው ቅርጫት ይዞ የሚፈልገውን ራሱ እንዲያነሣ አደረገ። በ1917ም ለዚህ አሠራር የፈጠራ መብት ተሰጠው።

ሳውንደርስ ዕቃውን ሲለቅ ጥበቃውን አልረሳም። መግቢያው አንድ፥ መውጫውም አንድ ነበር። በመግቢያው የሚዞር የብረት በር ነበረ፤ መተላለፊያውም ገዢውን በመደርደሪያዎቹ ሁሉ ፊት እያዞረ በመጨረሻ ወደ ገንዘብ ተቀባዩ ያደርሰዋል። ተቈጣጣሪዎች ከፍ ካለ ሰገነት ላይ ሆነው ገዢውን ሳያውኩ የሚመለከቱበት ስፍራም በዕቅዱ ውስጥ ነበረበት። ለገዢው ግን ይህ ሁሉ የሱቁ መልክ እንጂ የጥርጣሬ ምልክት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከተፈለሰፉት ዘዴዎች መካከል ገዢን ሳያስቀይሙ የቈዩት አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ዓይነት ናቸው፤ ማለት የሱቁ አቀማመጥ ራሱ ዘበኛ የሆነባቸው ናቸው።

ገዢ በሱቅ ውስጥ የሚቈጣው በዋጋ ብቻ አይደለም፤ ክብሩ የተነካ ሲመስለውም ነው። ሲልቫን ጎልድማን የተባለ ባለ ሱቅ በ1937 በኦክላሆማ ሲቲ ባለ ጎማውን የዕቃ መግፊያ ጋሪ ሲያወጣ ገዢዎቹ መጀመሪያ አልነካም አሉ። ወጣት ሴቶች የሕፃን ጋሪ መሰላቸው፤ ወንዶቹ ደግሞ ቅርጫት ለመሸከም ጕልበት የሌላቸው መምሰሉን ጠሉ። ጎልድማንም ጋሪውን እየገፉ በሱቁ ውስጥ የሚዘዋወሩ ሰዎችን በደመወዝ እስከ መቅጠር ደረሰ። በእንግሊዝ አገርም ሴንስበሪ የተባለው ድርጅት በ1950 በክሮይደን ገዢው ራሱን የሚያስተናግድበትን ሱቅ ሲጀምር፥ አንዲት ገዢ የሽቦ ቅርጫቱን በንዴት በድርጅቱ መሪ በአለን ሴንስበሪ ላይ እንደ ወረወረች ይነገራል። እንግዲህ ጋሪና ቅርጫት ይህን ያህል ካስቈጡ፥ ቍልፍና ፍተሻ ምን እንደሚያስከትሉ መገመት አያስቸግርም።

ነጋዴ ዕቃ ሲጐድልበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ገዢውን ነው። ይህ ጥርጣሬ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ግማሽ እውነት ነው። የአሜሪካ የችርቻሮ ነጋዴዎች ማኅበር በ2023 ባወጣው ጥናት እንደ ተመለከተው፥ በ2022 የሱቆች የዕቃ ጕድለት በአማካይ ከመቶ ብር ሽያጭ 1 ብር ከ60 ያህል ነበር። ከዚህ ጕድለት ከመቶው 36 እጅ የውጭ ሰው የሰረቀው ሲሆን፥ 29 እጅ የሠራተኛ ስርቆት፥ 27 እጅ ደግሞ የአሠራርና የቍጥጥር ስሕተት ነው። ይህም ማለት በበሩ ላይ ዘበኛ ቢጨመር፥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጕድለት በዘበኛው ፊት ሳያልፍ በሌላ በኩል መውጣቱን ይቀጥላል ማለት ነው።

ይኸው ማኅበር በ2021 ከደረሰው 94.5 ቢሊዮን ዶላር ጕድለት ግማሽ የሚጠጋው በተደራጁ ሌቦች የተወሰደ ነው ብሎ ነበር፤ በዲሴምበር 2023 ግን ቃሉን ስቦ አባባሉን ከጽሑፉ አስወጣ። ዎልግሪንስ የተባለው ትልቅ የመድኀኒት መደብር የገንዘብ ኀላፊም በጃንዋሪ 2023 ለባለ አክሲዮኖች ሲናገሩ፥ ባለፈው ዓመት ስለ ስርቆት ያሰሙት ጩኸት ምናልባት በዝቶ እንደ ነበረ አመኑ፤ ጕድለቱ ከመቶ 3.5 ወደ 2.5 ገደማ ወርዶ ነበርና። ለግል የጥበቃ ድርጅቶች የከፈሉት ገንዘብም እምብዛም ያልጠቀመ መሆኑን አልደበቁም። ትልልቅ ድርጅቶች፥ ያን ሁሉ ሒሳብ ሠራተኛ ይዘው፥ እንዲህ ከተሳሳቱ፥ ቈጠራ የማያውቅ ባለ ሱቅ ጥርጣሬውን ምን ያህል ሊያምነው እንደሚገባ ራሱ ይመዝነው።

ስለዚህ የጥበቃ መጀመሪያው ቈጠራ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ባለ ሱቅ በወሩ መጀመሪያ በመግዣ ዋጋ 800,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ነበረው እንበል። በወሩ ውስጥ የ500,000 ብር ዕቃ ቢያስገባ፥ ጠቅላላው 1,300,000 ብር ይሆናል። በደረሰኝ የተሸጠው ዕቃ መግዣ ዋጋው 600,000 ብር ከሆነ፥ በወሩ መጨረሻ በሱቁና በመጋዘኑ 700,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ መገኘት አለበት። ቈጠራው 688,000 ብር ብቻ ቢያሳይ፥ ጕድለቱ 12,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ ባለ ሱቁ ለዘበኛ ከመጮኹ በፊት፥ ጊዜው አልፎ የተጣለው፥ ተሰብሮ የፈሰሰው፥ አቅራቢው ሲያወርድ አጕድሎ ያስረከበው፥ ገንዘብ ተቀባዩ በተሳሳተ ዋጋ የመዘገበው፥ ለቤት ተወስዶ ያልተጻፈው ስንት እንደ ሆነ ይለይ። (የመጨረሻው ነገር ብዙ ባለ ሱቆችን ያሳፍራል፤ ከሱቁ ወደ ቤት የሚሄደው ዘይትና ስኳር በማንም መዝገብ ላይ አይገኝምና።) ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ነው ስርቆት ተብሎ ሊጠረጠር የሚችለው።

ይህን ሲባል ስርቆት ቀላል ነገር ነው ማለት አይደለም። ከመቶ ብር ሽያጭ የተጣራ ትርፉ 2 ብር የሆነ ሱቅ፥ በመቶ ብር የገዛው አንድ ዕቃ ቢሰረቅበት ያን ለመካስ የ5,000 ብር ዕቃ መሸጥ አለበት። ጕዳቱ እውነተኛ ነው። ጥያቄው መድኀኒቱ ከበሽታው የሚከፋው መቼ ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በመስተዋት ሣጥን መቈለፍ ነው። በአሜሪካ ከተሞች ምላጭ፥ የሕፃናት ወተት፥ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ሳይቀር በተቈለፈ መስተዋት ውስጥ መሸጥ በ2020ዎቹ በጣም ተስፋፋ። ገዢው ደወል ተጭኖ ቍልፍ የያዘ ሠራተኛ እስኪመጣ ይጠብቃል። ኑሜሬተር የተባለ የገበያ ጥናት ድርጅት በ2024 ገዢዎችን ጠይቆ እንዳገኘው፥ ዕቃው ተቈልፎ ሲያገኙ ከመቶው 62ቱ ሠራተኛ እንጠብቃለን ሲሉ፥ 27ቱ ግን ወደ ሌላ ሱቅ እንሄዳለን ወይም መግዛቱን እንተወዋለን ብለዋል። የዎልግሪንስም ዋና ሥራ አስኪያጅ በጃንዋሪ 2025 ዕቃ ሲቈለፍ ሽያጩ እንደሚቀንስ በግልጥ ተናግረዋል።

የሒሳቡ አሠራር እንደሚከተለው ነው። አንድ ሱቅ በሳምንት 40 እሽግ ምላጭ ይሸጣል፤ መግዣው 200 ብር፥ መሸጫው 250 ብር ነው እንበል። ትርፉ 2,000 ብር ይሆናል። በሳምንት ሁለት እሽግ ቢሰረቅበት 400 ብር ይከስራል፤ የሚተርፈው 1,600 ብር ነው። ባለ ሱቁ ተናዶ ምላጩን ቢቈልፍና ከአራት ገዢዎች አንዱ ቢቀርበት፥ 30 እሽግ ይሸጣል፤ ትርፉም 1,500 ብር ይሆናል። ስርቆቱ ጨርሶ ጠፋ፤ ባለ ሱቁ ግን በየሳምንቱ 100 ብር አጣ፤ የመስተዋቱና ቍልፍ ይዞ የሚሮጠው ሠራተኛ ወጪ ገና ሳይቈጠር ነው። የሚሰረቀው ሦስት እሽግ ቢሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሳይቈለፍ 1,400 ብር፥ ተቈልፎ 1,500 ብር ይተርፋልና መቈለፉ ይሻላል። እንግዲህ ልዩነቱ በአንዲት እሽግ ላይ ነው። ያችን እሽግ ያልቈጠረ ነጋዴ ቍልፉ እንደ ጠቀመው ወይም እንደ ጐዳው ፈጽሞ አያውቅም። በተጨማሪም ምላጩን ትቶ የሄደው ገዢ ከዚያው ሊገዛ የነበረውን ዳቦ፥ ፓስታና ዘይት ይዞ የሚሄድ መሆኑ አይዘንጋ።

በመውጫው ላይ ቆሞ የሚጮኸው በር ሌላ ዓይነት ነገር ነው። ይህ ዘዴ በአሜሪካ በ1960ዎቹ የተጀመረ ሲሆን፥ ዛሬ በአዲስ አበባም በአንዳንድ ትልልቅ መደብሮች ይታያል። አሠራሩ በሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው፥ በዕቃው ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ውስጥ የተጠቀለለ ስስ የብረት መስመር አለ፤ ከበሩ የሚወጣው 8.2 ሜጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ ሲደርሰው ይነቃና ለበሩ መልስ ይሰጣል። ገንዘብ ተቀባዩ ዕቃውን ምልክት በሚያጠፋው ሰሌዳ ላይ ሲያሳርፈው ምልክቱ ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ አይናገርም። በሁለተኛው፥ በምልክቱ ውስጥ ያለች ስስ የብረት ቅጠል በ58 ኪሎኸርትዝ ትንቀጠቀጣለች፤ በሩ ሞገዱን ላክ እያደረገ ያቋርጣል፥ በዝምታውም መካከል የቅጠሏን ድምፅ ያዳምጣል፤ ልክ ደወል ተመትቶ ከቆመ በኋላ ለጥቂት ጊዜ እንደሚያስተጋባ ማለት ነው። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በቆርቆሮና በአሉሚኒየም በተጠቀለለ ዕቃ ላይ በደንብ አይሠራም። አስመጪ ይህን ለይቶ ማዘዝ ይገባዋል፤ የታሸገ ሥጋና የቲማቲም ድልህ ለሚሸጥ ሱቅ የመጀመሪያውን ዓይነት ማስመጣት ገንዘብ ማባከን ነው። ሁለቱንም ቢሆን በአሉሚኒየም የተለበጠ ቦርሳ የያዘ የለመደ ሌባ ሊያታልላቸው ይችላል። እነዚህ በሮች ከሁሉ ይልቅ የሚያቆሙት በድንገት የሚፈተነውን ሰው ነው።

ችግሩ በሩ በከንቱ ሲጮኽ ነው። ገንዘብ ተቀባዩ ምልክቱን ማጥፋት ቢረሳ፥ ወይም ገዢው ከሌላ መደብር የገዛው ልብስ ምልክቱ ያልጠፋለት ቢሆን፥ በሩ የከፈለውን ሰው ከሰው ሁሉ ፊት ሌባ ነው ብሎ ይከስሰዋል። በዚያች ደቂቃ ሁሉም ዞር ብሎ ያያል። ሠራተኛው የሚናገረው የመጀመሪያው ቃል ገዢው ዳግመኛ መመለስ አለመመለሱን ይወስናል። «ቦርሳዎን ይክፈቱ» የሚለው ቃል ክሱን ያጸናል፤ «ይቅርታ እናቴ፥ እኛ ምልክቱን ሳናነሣው ቀርተን ይሆናል፤ ልይልዎት» የሚለው ግን ጥፋቱን ወደ ሱቁ ይመልሰዋል፥ ፍተሻውም ያው ይፈጸማል። ሌባም ቢሆን በዚህ ቃል አያመልጥም። በሌላ በኩል በየሰዓቱ በከንቱ የሚጮኽ በር ሠራተኞቹን ራሳቸውን ያደነዝዛል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ስለዚህ በበሩ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ በሩ ስንት ጊዜ እንደ ጮኸና ስንቱ እውነተኛ እንደ ነበረ በየዕለቱ ይጻፍበት።

ገዢው ራሱ ዋጋውን እያነበበ የሚከፍልበት የሒሳብ መኪና ደግሞ የሠራተኛ ደመወዝ ለመቈጠብ ሲባል መጥቶ ሌላ ጥበቃ የጠራ ነገር ነው። በመኪናው ፊት ሰው ስለሌለ፥ አንዱ ሆን ብሎ ውዱን ፍሬ በርካሹ ስም ይመዝናል፤ ሌላው ሳያውቅ አንዱን ዕቃ ሳያስነብብ ያልፋል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ናቸው። በብሪታንያ አንዳንድ ሱፐርማርኬቶች ይህን ለመከላከል ደረሰኙ ካልተነበበ የማይከፈት በር በመውጫው ላይ ተከሉ፤ የደንበኞችም ቅሬታ ተከተለ፤ ሥራውን ራሳችን ሠርተን፥ ሒሳቡን ራሳችን ከፍለን፥ በመጨረሻ ታሰርን የሚል ነው። በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘው ቡዝስ የተባለ ድርጅት በኖቬምበር 2023 ከ28 ሱቆቹ በ26ቱ መኪናዎቹን አንሥቶ ገንዘብ ተቀባዮችን ለመመለስ መወሰኑን አስታወቀ። በአሜሪካም ዶላር ጀነራል የተባለው ድርጅት በ2024 ወደ 12,000 ከሚሆኑ ሱቆቹ አነሣቸው።

ነጋዴዎቹ በፈሪነት ብቻ በር ተከሉ ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የብሪታንያ የችርቻሮ ነጋዴዎች ማኅበር እንዳስታወቀው፥ እስከ ኦገስት 2024 በነበረው አንድ ዓመት ከ20 ሚሊዮን በላይ ስርቆት ደርሷል፤ ጕዳቱም 2.2 ቢሊዮን ፓውንድ ነበር። ከዚህም የሚከፋው፥ በሱቅ ሠራተኞች ላይ የሚደርሰው ድብደባና ስድብ በቀን ከ2,000 በላይ መድረሱ ነው። ሌባን በር ላይ ለመያዝ የሚታገል ወጣት ሠራተኛ ለአንድ ጠርሙስ ሲል ሊጐዳ ይችላል፤ በመሆኑም ብዙ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸው ሌባን እንዳያሳድዱ ይከለክላሉ።

በአዲስ አበባ ያለው ሁኔታ ከዚህ ለየት ይላል። እዚህ በባንክ፥ በሆቴል፥ በመሥሪያ ቤትና በገበያ አዳራሽ በር ላይ «ይቅርታ፥ ለፍተሻ» መባል የተለመደ ነው፤ ሰውም እጁን ዘርግቶ ይፈተሻል፥ አይቈጣም። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ ሚኒስትሩም ተላላኪውም እኩል ይፈተሻሉ፥ ፍተሻውም ከመግባት በፊት ነው። ማንም ተለይቶ አልተጠረጠረም። ቅሬታው የሚጀምረው በመውጫው ላይ ዘበኛው ጥሩ ልብስ የለበሰውን አሳልፎ፥ ያረጀ ነጠላ የለበሰችውን እናት ሲያስቆም ነው። ደረሰኝ የሚታይ ከሆነ የሁሉም ይታይ፤ የማይታይ ከሆነም የማንም አይታይ።

ቦርሳን በመግቢያው ተቀብሎ ቍጥር የተጻፈበት ምልክት መስጠትም የቈየ ልማድ ነው። ርካሽና ውጤታማ ነው፤ ዳሩ ግን ሁለት ነገር ያጐድለዋል። ቦርሳው ውስጥ የነበረ ገንዘብ ጠፋ የተባለ እንደ ሆነ ክርክሩ ማለቂያ የለውም። ሴቶችም የእጅ ቦርሳቸውን ለማያውቁት ሰው ማስረከብ ይከብዳቸዋል። ትልቁን ቦርሳ ብቻ ተቀብሎ የእጅ ቦርሳውን መተው፥ ወይም ቍልፉን ገዢው ራሱ የሚይዝበት ትንሽ ሣጥን ማዘጋጀት ሁለቱንም ያቃልላል። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ከሥሩ «ቦርሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብሎ በቀይ ቀለም የጻፈ ሱቅ በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ አይደለም።

ሕጉም ሊታወቅ ይገባል። በአዋጅ ቍጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን ይቀጣል፤ ነገር ግን ያው ሕግ በአንቀጽ 585 ሰውን ከሕግ ውጭ ይዞ ማቆየትንም ይቀጣል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 ማንም ሰው አካሉና ንብረቱ እንዳይፈተሽ ያለውን መብት ይጠብቃል። በጥርጣሬ ብቻ ገዢን ጓዳ አስገብቶ የሚያዋክብ ባለ ሱቅ፥ ከሳሽ ሆኖ ጀምሮ ተከሳሽ ሆኖ ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛው በዓይኑ ያየውን እንጂ የገመተውን እንዳይናገር፥ እጁንም እንዳያነሣ፥ ፖሊስ ጠርቶ እንዲያስረክብ አስቀድሞ መማር አለበት።

የሰውን ፊት እየለየ ከታወቁ ሌቦች ሥዕል ጋር የሚያስተያየው ካሜራ አሁን በአስመጪዎች ዘንድ መጠየቅ ጀምሮ ይሆናል። በኒው ዚላንድ በ2024 በ25 ሱፐርማርኬቶች ለስድስት ወር ተሞክሮ፥ ከባድ የሆነው ጥፋት በ16 ከመቶ እንደ ቀነሰ ተገምቷል። የአገሩም የግል መረጃ ጠባቂ መሥሪያ ቤት፥ የማይመሳሰሉት ፊቶች ወዲያውኑ የሚደመሰሱ ስለ ነበሩ፥ አሠራሩ ከሕግ ጋር የተስማማ ነው አለ። ሆኖም በዚሁ ሙከራ ጊዜ ምንም ያልበደለች አንዲት ሴት ሌባ ተብላ ከሱቅ እንድትወጣ ተጠየቀች፤ ድርጅቱም በኋላ ይቅርታ ጠየቃት። በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ሰው በአካሉ የሚታወቅበትን መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መካከል ይቈጥረዋል፤ ካሜራውን የሚያዝ ነጋዴ የዋጋ ዝርዝሩን ከማንበቡ በፊት አዋጁን ማንበብ አለበት።